ደብተሩ የማያውቀው ሕመም

ባሌ፣ ገሰራ ላይ የወፈረ ሰው ይመረቃል። አዝመራ ከገባ በኋላ ጉንጩ ሞላ ብሎ ገበያ የወጣ ገበሬ «ዘንድሮ አላህ ሰጥቶሃል» ይባላል። ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ ሰውነቷ ሞልቶ ከታየ እናቷ በጎረቤት ፊት ትኮራባታለች። ርሃብን የሚያውቅ አገር ውፍረትን ከጥጋብና ከጤና ጋር ቢያያይዘው አይገርምም፤ ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ያንኳኳበት ዘመን ደግሞ መክሳትን የሞት ምልክት አድርጎብን አልፏል። በዚህ መሃል አንዲት ሴት ዳገት መውጣት ሲያቅታት፣ ጉልበቷ ሲያብጥ፣ ሌሊት ትንፋሿ እየተቆረጠ ስትባንን ለማን ትናገር? «ውፍረቴ አመመኝ» ብትል የሚሰማት የለም። ስለዚህ «ጉልበቴን» ትላለች፤ ማስታገሻ ይሰጣትና ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

*

ጤና ጣቢያ ሚዛን አለ። ሕፃን ይመዘንበታል፣ ነፍሰ ጡር ትመዘንበታለች። ጎልማሳ ሲመዘን ያየሁት እምብዛም ነው፤ ቁመቱ ሲለካማ ከዚያም ያንሳል። የሐኪሞቹ ስሌት ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፦ ኪሎው ለቁመቱ ይካፈላል፣ የተገኘው እንደገና ለቁመቱ ይካፈላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 76.8 ኪሎ ስትደርስ ቁጥሯ 30 ነው፤ ሐኪም ከመጠን ያለፈ የሚለው ውፍረት ከዚያ ይጀምራል። 89.6 ኪሎ ላይ 35፣ 102.4 ኪሎ ላይ 40 ይሆናል። እኛ ስንዴ አምራቾች ነንና የመጨረሻውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻኝም፤ አንድ ኩንታል ከነትርፉ ነው።

ውፍረትን ለመቀነስ ለሚሠራው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና በር የሚከፈተው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰበ የሐኪሞች ጉባኤ፣ ቁጥሩ 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ ስኳርን የመሰለ ከባድ ሕመም ለተጨመረበት ሰው ይገባዋል አለ። በ2022 የሙያው ማኅበራት ወሰኑን ዝቅ አደረጉት፤ 35 ለብቻው ይበቃል፣ ስኳር ላለበት ደግሞ 30 ላይም ይታሰባል። እኛ ዘንድ ክርክሩ እዚያ አልደረሰም። ያልተለካ ሰው በየትኛው ቁጥር ይከራከራል?

*

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ለአገራችን ገበሬ የተሠራ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ሳልናገር ወደ ወቀሳ አልሄድም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ሲሞከር፣ ኦሮሚያ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ 180 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ መዋጮውም ጨምሯል፣ ወረዳዎቹም በብዙ እጥፍ በዝተዋል። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ፣ አንጀቱ የታጠፈ ሰው በሬ ሳይሸጥ ጎባ ሆስፒታል ሄዶ ኦፕራሲዮን ሆኖ የሚመለሰው በዚህ መድህን የአባልነት ደብተር ነው። መክፈል ለማይችለው ድሃ መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል።

ደብተሩ የማይሸፍነውም ተለይቶ ታውቋል፦ ለቁንጅና የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽር፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና። የውፍረት ቀዶ ሕክምና በስሙ ተጽፎ አላየሁም። ስጠይቅ የሚመለስልኝ ግን «እሱ ለቁንጅና ነው» የሚል ነው።

ይህን መልስ አልቀበለውም። ስኳሯ በመድኃኒት አልወርድ ያላት ሴት የምትፈልገው ቁንጅና አይደለም። ይኸው ደብተር የግፊት ክኒኗን ይከፍላል፣ የስኳር መድኃኒቷን ይከፍላል፣ እግሯ ቆስሎ መቆረጥ ቢመጣም ይከፍላል። ሦስቱንም ያባባሰውን ክብደት ግን አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየውም። ኪሳራው የመድህኑም ጭምር ነው።

*

«ውፍረት የከተማ ጣጣ ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፣ ግን ከተማው ወደ እኛ እየመጣ ነው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ኢትዮጵያውያት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው በ2000 እ.ኤ.አ. 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ሆኑ። በ2015 የተደረገው ሌላ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከጎልማሶቹ 16 በመቶ ያህሉ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ አገኘ። ሮቤ ዙሪያ ስንዴውን ኮምባይነር ያጭዳል፣ መሬቱን ትራክተር ያርሳል፣ ገበያ በባጃጅ ይኬዳል። ሰውነታችን ይሠራው የነበረውን ማሽን ወስዶታል፤ ማዕዳችን ግን የድሮው የአራሽ ማዕድ ነው፣ ያውም የፋብሪካ ዘይትና ለስላሳ ተጨምሮበት።

*

ሪፈር በእኛ አገር የፈቃድ ደብዳቤ ነው። በሙከራው ዘመን ከጤና ጣቢያ ሳይጀምር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ግማሹን ከኪሱ ይከፍል ነበር። ተራውን ጠብቆ መሄድ ተገቢ ነው፤ ሁሉም ጎባ ቢጎርፍ ሆስፒታሉ አይችለውም። ወረቀቱ የሚያመጣውን ጣጣ ግን ቀርቦ ማየት ነው።

አንዲት ሴት ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት እንበል። ደብተሩ ላይ ስሟ በቁቤ፣ በድርብ አናባቢ ተጽፏል። ሪፈሩን የጻፈው ባለሙያ እንደ እንግሊዝኛው አንዱን አናባቢ ጥሎታል። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ደግሞ የአባቷ ስም ታልፎ የአያቷ ተጽፏል። አዲስ አበባ ያለው ሠራተኛ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ «ይህ የአንድ ሰው አይደለም» ቢል በእሱ አይፈረድም። እሷ ግን ከሮቤ ብቻ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ አስታማሚ አስከትላ፣ ስንቅ ቋጥራ ነው የመጣችው። ሪፈር ስታስጽፉ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ስማችሁን ፊደል በፊደል አስገልብጡ። ማኅተሙ መነበቡንም እዚያው ሳላችሁ እዩ።

*

ደብተሩ የሐኪሙን ይከፍላል። የመኪናውን አይከፍልም፣ የአስታማሚውን ምሳ አይከፍልም፣ የአስታማሚውን ማደሪያ አይከፍልም። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከሳነቴ የሚወርደው ብርድ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚያነጋ አስታማሚ ሳይ የሕክምናው ወጪ ግማሹ የት እንደሚከፈል ይገባኛል።

*

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የባሌ ሰው ብዙ ነው። እዚያ የጨጓራውን ቀዶ ሕክምና ኢንሹራንስ ሊከፍልበት ይችላል፣ ግን በቀላሉ አይደለም። ብዙ ኩባንያዎች በሐኪም ክትትል ለወራት የተሞከረ የአመጋገብ ለውጥ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምርመራ፣ «ያስፈልጋታል» የሚል የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድህን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ቁጥሩ 35ና ከዚያ በላይ ሆኖ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት፣ ሌላ ሕክምና ሞክሮ ላልተሳካለት ሰው ይከፍላል።

አንዲት የሮቤ ልጅ የሆነባትን አጫውታኛለች። አንድ ቀጠሮ አመለጣትና የክትትሉ ወራት እንደ አዲስ ተቆጠሩባት። ስትጨርስ «አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ምክንያቱን ይናገራል፤ ይግባኝ እስከ መቼ እንደሚባልና ለማን እንደሚላክም ይናገራል። ሐኪሟ ነጥብ በነጥብ መልስ ጻፈላት፣ ተፈቀደ።

እኛ ዘንድ «አይሆንም» ከመስኮት በቃል ይመጣል። ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ይዘውት የሚከራከሩበት ነገር የለም። ከአሜሪካ ኢንሹራንስ የምቀናው በዚህ ነው፤ ሲከለክል ይጽፋል። ወረዳ ላይ ይህን ለማድረግ በጀት አይጠየቅም። ምክንያቱ በሁለት መስመር ተጽፎ ማኅተም ይረፍበት፣ ለአባሉ ይሰጠው።

*

ቀዶ ሕክምናው በባሌ ሆስፒታሎች አይሠራም። አዲስ አበባ በግል ሆስፒታል ከኪስ እየተከፈለ ይሠራል፤ የቻለ ቱርክ ይሄዳል፣ አረብ አገር ያለችው እዚያው ታሠራለች። ማገገሙ ግን ገሰራ ይመጣል። የዘነጋነው ነገር ይህ ነው።

በብዛት የሚሠራው ዓይነት ከጨጓራው ከመቶ ሰማንያ ያህሉን ቆርጦ ያወጣል። የቀረው ጠባብ ቱቦ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፣ ጠጣሩ በመጨረሻ። ውኃና ምግብ አንድ ላይ አይወሰዱም። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ የምትጎርሰው እያንዳንዱ ማንኪያ ታስቦበት መሆን አለበት።

አሁን እቤት እንግባ። ልጅቷ ጅዳ ኦፕራሲዮን ሆና መጥታለች፣ ፍራሽ ላይ ተደግፋለች። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዷ ጩኮ በቅቤ ለውሳ አምጥታለች፣ አንዷ መርቃ፣ ሌላዋ ቡና ቀላ። የአባቷ እህት፣ አዳዳዋ፣ ማንኪያውን ሞልታ አፏ ድረስ አድርሳለች፦ «በኔ ሞት፣ ይቺን ብቻ። ከስተሽ አለቅሽ እኮ!» ልጅቷ አዳዳዋን ማሳፈር አትችልም። ትውጣለች። ትንሽ ቆይቶ ታስመልሳለች። በማግስቱ ሌላ ጠያቂ፣ ሌላ ማንኪያ። ሰፈሩ «ቀዶ ጥገናው ገደላት» ብሎ ይፈርዳል።

የአዳዳዋ ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ያንን ፍቅር ወደ እርጎ፣ ወደ ለጋ ወተት፣ ወደ ላመ ምስር የሚመራው ሰው ነው የጠፋው። ይህን ማድረግ የምትችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ ቤቱንም ሰዉንም ታውቃለች። ማንም ግን ስለዚህ ቀዶ ሕክምና አልነገራትም።

ማስመለሱ ቀን ከቀን ከቀጠለ ነገሩ ከምግብ አልፏል። ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፤ እግር ይደነዝዛል፣ ዓይን ይንሸዋረራል፣ አእምሮ ይዛባል። ያኔ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው የአንድ ቀን ወጪ የሚመስለው ይህን ሳያሰሉ ነው።

*

ጾም የሚፈትነውም በዚህ ጊዜ ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ ውለው ማታ ብዙ መጠጣት ለዚያች ጠባብ ጨጓራ አይሆንም፤ ውኃ ማጣቱ ብቻውን ሆስፒታል ያስተኛል። ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ጾሙን ትቶ በኋላ ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። የጎባዋ ክርስቲያን ደግሞ በጾም ወተትና እንቁላል ስትተው የ60 ግራሙ ነገር ይከብዳታል። ሐኪም ቢነግራት «ጾሜን አታስፈቱኝ» ትላለች፤ የነፍስ አባቷ ቢነግሯት ትሰማለች። ስለዚህ ሼሁም ቄሱም ይህን ነገር ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

*

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ማርገዝ አይመከርም። ክብደት ሲቀንስ ግን የማርገዝ ዕድል ይጨምራል፤ ዓመታት መካን ነኝ ስትል የኖረች ሴት ሳታስበው ታረግዛለች። አንጀት በተቀየረበት ዓይነት ቀዶ ሕክምና የሚዋጠው ክኒን አያስተማምንም፤ በክንድ የሚቀበረው ወይም መርፌው ይሻላል። እሱ ጤና ጣቢያችን በነፃ አለ።

*

ኦፕራሲዮን ሆኖ የተኛ ገበሬ ለሳምንታት ከባድ ነገር አያነሳም። ባሌ ግን በዓመት ሁለቴ ታመርታለች፤ «ገና» የምንለው የበልግ አዝመራ ሲያልፍ የ«ቦና» ይተካል፣ እረፍት የሚባል ወር የለም። «ወንድሜ ጆንያውን ያንሳልኝ» ማለት ማፈሪያ አይደለም። ስፌቱ ተተርትሮ እንደገና ጎባ መመለስ ነው ቤቱን የሚጎዳው።

*

ውጭ አገር ኦፕራሲዮን ሆናችሁ የምትመጡ እህቶችና ወንድሞች፣ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተሠራላችሁ የሚናገረውን ማጠቃለያ ወረቀት ሳትቀበሉ ከሆስፒታሉ አትውጡ። አንድ ቅጂ ሮቤ ወይም ጎባ ሆስፒታል ካርዳችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ሌሊት ሆድ ቁርጠት ሲይዛችሁ ተረኛው ሐኪም ውስጣችሁ እንዴት እንደተቀየረ የሚያውቀው በዚያ ወረቀት ነው።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልን። ደብተር በሚታደስበት ሰሞን ሰው በየቀበሌው ይሰለፋል። ሰልፉ አጠገብ ሚዛንና ሜትር ይቁም። የመጣው ሁሉ ይመዘን፣ ቁመቱ ይለካ፣ ቁጥሩ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።