ትንፋሽ ያጣው ታንከር

ፒክአፑ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ደህና ነበር። ዳገቱ መሀል ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ፣ ነዳጅ ረገጠ፤ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ጣለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቁልፉ ሲዞር ምንም እንዳልነበረ ሁሉ ተነሣ፤ ጥቂት ወጥቶ ደግሞ ጠፋ። ጭነቱ ቲማቲም ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ የዓባይ በረሃ ፀሐይ።

ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ "ፖምፑ አልቋል" ብሎታል። የናፍጣ ፖምፕ ማሳደስ በዕዳ ለተገዛ መኪና ባለቤት ቀልድ አይደለም። የቤት ኪራዩም የልጆቹ ትምህርት ቤትም የሚወጣው ከዚያችው መኪና ነው። ሰውየው ብድር ፍለጋ ዘመድ ማነጋገር ጀምሯል።

ደብረ ማርቆስ ያገኘው አዛውንት መካኒክ ግን መፍቻ አላነሡም። ጠየቁ።

"የትኛው ታንከር ላይ ሆነህ ነው የሚጠፋብህ?"

"ሁለተኛው ላይ፣ ጋሼ።"

"ሁልጊዜ?"

ሾፌሩ አሰበ። ሁልጊዜ።

ሩቢኔቱን ሁለተኛው ላይ አድርገው ሞተሩን አስነሡና ነዳጅ አሰጡት። መንገጫገጭ ሲጀምር የታንከሩን ክዳን ላላ አደረጉት። አየሩ ፉጨት እያሰማ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ ተስተካከለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንዲህ ያለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ታንከሩ ውስጥ ፖምፕ የለም፤ ሞተሩ ላይ ያለው ፖምፕ ነው ከሩቅ የሚስበው። ናፍጣው በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር ካልገባ ታንከሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ፖምፑም ባዶ ይስባል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ደጋ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ክዳን ያንን ስስ አየር ይዞ ይጓዛል። መኪናው ቆሞ ሲያርፍ በክዳኑ ጥርስ ቀስ እያለ አየር ይሰርጋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ትርፉን ናፍጣ የሚመልሰው ቱቦ የተገጠመው ከመጀመሪያው ታንከር ጋር ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ይራቆታል፣ አንደኛው ሞልቶ ይፈሳል። ሾፌሩ "ናፍጣ ናፍጣ ይሸተኛል" ሲል የከረመው ይኼንኑ ነው።

ሁለተኛውን ታንከር ፋብሪካ አልሠራውም፤ የበየደው እጥረት ነው። አገሪቱ የምትጠቀመውን ቤንዚንና ናፍጣ በሙሉ ከውጭ ታስገባለች፤ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ይመጣል። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ዋጋው ጨመረ፣ ሰልፉ ግን አልቀረም። ናፍጣ የተገኘ ቀን የቻለውን ያህል ሞልቶ መሄድ የሚፈልግ ሰው ወደ በያጅ ይሄዳል። በያጁም ናፍጣ እንዳይፈስ፣ ሌባም እንዳይቀዳው ብሎ ክዳኑን ድርግም አድርጎ ይሠራዋል። ታንከር እንደሚተነፍስ ማን ነገረው?

ፖምፕ አያልቅም ማለት አይደለም። ከጥቁር ገበያ በጀሪካን የሚገዛ ናፍጣ ውሃና ቆሻሻ ይኖረዋል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ደግሞ ማለስለሱ ስለሚቀንስ ፖምፑን በእርግጥ ይበላዋል። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ጥፋቱ። መጀመሪያ ታንከር መቀያየር፣ ክዳን መክፈት፣ ፊልትሮውን አራግፎ ውሃ መኖሩን ማየት፣ ከዚያ በመሳቢያው መስመር ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ሰክቶ የአየር አረፋ ማለፉን መመልከት፤ ፖምፑ የመጨረሻው ነው። ግን ፖምፕ መፍታት ገንዘብ አለው፣ ክዳን መክፈት የለውም።

አዛውንቱ ለታንከሩ ቀጭን መተንፈሻ ቱቦ አወጡለት፤ ዝናብና አቧራ እንዳይገባም ጫፉን ወደ ታች አጠፉት። መላሹንም ቱቦ ከሩቢኔቱ ጋር አብሮ እንዲቀያየር አደረጉት። ሾፌሩ ለዘመዱ ደውሎ "ብሩ ይቅር" አለው። ቲማቲሙ ግን ግማሹ ለስልሶ ነበር፤ ባገኘው ዋጋ ሸጠው።