የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከእንግዲህ ያስፈልገናልን?

ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ፣ «ዓለም ሁሉ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ ሳለ ስለ ምን ወደ ቤተ መጻሕፍት እንደክማለን?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቀድሞ አንድ ተማሪ ግማሽ ቀን ፈልጎ የሚያገኘው ነገር ዛሬ በአንድ ደቂቃ ይገኛል። ቢሆንም ነገሩን መርምሬ የደረስሁበትን አሳብ ለተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች ላቀርብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ከራሴ ኑሮ ልነሣ። በቤታችን ስድስት ሆነን በሁለት ክፍል እንኖራለን። ኢንተርኔት ያለው ስልክ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቀን ከአባቴ ጋር ሥራ ውሎ ማታ በተራ እንካፈለዋለን። የገዛነው ጥቅል ያለቀ እንደ ሆነ ደመወዝ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የማጠናው በወረዳችን ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚያ ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ያለ ዋጋ ይገኛል። ሠራተኛዋ የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ጠይቃኝ አታውቅም። ከጎኔ ጡረታ የወጡ አዛውንት ጋዜጣ ያነባሉ፤ ከፊቴ አንዲት ነርስ ለማታ ትምህርቷ ትዘጋጃለች። ድኻና ሀብታም፣ ሽማግሌና ወጣት ምንም ሳይገዙ አብረው የሚቀመጡበት ቦታ በከተማችን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቋንቋችን ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚግባቡበት ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት አንድ ሰው ገልብጦ ወይም ፎቶግራፍ አንሥቶ ካላስገባቸው በቀር በስልክ ሊገኙ አይችሉም። ብዙዎቹም ዛሬ የሚገኙት በመደርደሪያ ላይ ብቻ ነው። ወመዘክር እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የሰበሰበው ሀብት ባይኖር ኖሮ፣ ወደ ኢንተርኔት የምናስገባው ከወዴት ይገኝ ነበር?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አንድ ሥራ በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት የነበሩ በሺሕ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አነሣ። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹን በሩቅ አገር ያለ ተመራማሪ በኮምፒዩተሩ ይመለከታቸዋል። ነገር ግን አባቶች ብራናውን ከእሳትና ከምስጥ ጠብቀው ባያቆዩት ኖሮ ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር ባልተገኘም ነበር። እንግዲህ ጠባቂና አዲሱ መሣሪያ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ የሌላው ረዳት ነው።

ይህን ስል ቤተ መጻሕፍት እንደ ጥንቱ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ጣቶቹን የት ያለማምድ? በ2014 ዓ.ም. በ4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍንና ኮምፒዩተርን በአንድ ጣራ ሥር ማኖር እንደሚቻል አሳይቷል። ነገር ግን ሁሉ ሰው 4 ኪሎ አይኖርም። በየወረዳው ያሉት ትንንሾቹም ኮምፒዩተር፣ ነጻ ኢንተርኔትና እውነቱን ከሐሰቱ መለየት የሚያስተምር ሠራተኛ ሊኖራቸው ይገባል። አሮጌ መጻሕፍትንም በደራስያኑ ፈቃድ ወደ ኢንተርኔት ቢያስገቡ፣ በውጭ አገር ለሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች ጭምር ይጠቅማሉ።

ደግሞም ኢንተርኔት ሊቋረጥ እንደሚችል አንርሳ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ በፈተና ምክንያት በአገሪቱ ሁሉ በተዘጋ ጊዜ፣ በመደርደሪያ ላይ የነበረ መጽሐፍ አንድም አልተዘጋም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ዕውቀትም እንዲሁ ነው። ወላጆች ሆይ፣ በቤታችሁ አቧራ የለበሰ መጽሐፍ ቢኖር ለሠፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ጓደኞቼ ሆይ፣ ስልካችሁን ይዛችሁም ቢሆን ወደዚያ ኑ። ባዶ ወንበር የበዛበት ቤት፣ አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል ተብሎ ይዘጋልና።