ከበረዶው በፊት ወረቀቱ

የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍት ማቀድ በአበሻ ቤት ሦስት ጥያቄ ያስነሳል። ስንት ይፈጃል? ማን ይሰበራል? ሰው ምን ይላል? ዘንድሮ እኛ ቤት አራተኛ ተጨመረ፤ ማን ምን ወረቀት ይዟል? የምጽፍላችሁ በዋናነት ስለ አራተኛው ነው። ሦስቱንም ግን አልዘላቸውም፤ እናንተም እንደኛ ልጆቻችሁ ወጥረው ከያዟችሁ ይጠቅሟችኋል።

የምንኖረው ሚላኖ ነው። ልጃችን 11 ዓመቱ፣ ታናሿ 8 ዓመቷ ነው። እዚህ አገር በብርዱ ወራት አጋማሽ "ነጭ ሳምንት" የሚሏት አለች፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ ተራራ የሚወጣባት። የክፍል ጓደኞቻቸው ሄደው ፊታቸው በፀሐይ ተለብልቦ ሲመለሱ የእኛዎቹ ዓመት በዓመት ሲያዩ ኖረዋል። ዘንድሮ "እኛስ?" አሉ። ከእኛ ጋር የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ይኖራል። 24 ዓመቱ ነው፣ በሊቢያ በኩል ነው የመጣው። ጥገኝነት ከጠየቀ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ሶጆርኖ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ መሆኑን የሚገልጸው ነው። ልጆቹ ደግሞ ያለ እሱ የትም አይሄዱም። ስለዚህ ዕቅዱ ለአምስት ሰው ነው።

የመረጥነው ከቶሪኖ በስተምዕራብ ያለውን የሱሳ ሸለቆ ነው። መኪና የለንም፣ እዚያ ደግሞ ባቡር ይገባል። ከሚላኖ ቶሪኖ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቶሪኖ ኡልክስ የምትባለው የተራራ ከተማ ድረስ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል። ሐዲዱ ከዚያ አልፎ በፍሬጁስ ዋሻ ፈረንሳይ ይገባል። ዋሻው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው፣ ከዓድዋ ድል 25 ዓመት በፊት።

ሸለቆው ውስጥ አንድ መንሸራተቻ ብቻ ቢኖር ኖሮ ነገሩ በአንድ ምሽት ባለቀ ነበር። ግን ብዙ ናቸው። ሳውዜ ዱልክስ፣ ሳንሲካሪዮ፣ ቼዛና፣ ክላቪዬሬ፣ አናቱ ላይ የተቀመጠችው ሴስትሪዬሬ፣ ከድንበር ማዶ ደግሞ የፈረንሳይዋ ሞንጅኔቭር በሊፍትና በመንሸራተቻ መንገድ ተያይዘው "ቪያላቴያ" ይባላሉ። በእኛ ቋንቋ ፍኖተ ሐሊብ ማለት ነው። ጠቅላላው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ይባልለታል። ባርዶኔኪያ ለብቻዋ ናት፤ ጥቅሟ ባቡሩ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ማውረዱ ነው።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስልክ ደውዬ ስነግራት ለአፍታ ዝም አለች። "በረዶ ለማየት ትከፍላላችሁ? እዚህ ውርጩ ባቄላውን ሲያቃጥለው ማን ከፈለን?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነሱ ወደ እኛ በመጡ ነበር። ሴስትሪዬሬ 2,035 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ከሴስትሪዬሬ በላይ ያለው የፍራይቴቭ ጫፍ 2,702 ሜትር ነው፤ እናቴ ቡና የምታፈላበት ደጅ ከዚያም ይበልጣል። በረዶውን የሚያመጣው ከፍታው ብቻ አይደለም፤ ከምድር ወገብ መራቁ ነው። እኛ ሁለቱንም በረዶ እንለዋለን እንጂ የእናቴ በረዶ ጠላት ነው፣ የዚህ አገር በረዶ ገበያ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

ስንት ይፈጃል? ዋናው መልስ "መቼ?" የሚለው ነው። የካቲት ላይ የጣሊያን የካርኒቫል ዕረፍትና የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት ስለሚደራረብ አልጋው ይወደዳል፣ ሰልፉም ይረዝማል። የፈረንጆቹ በዓላት ካለፉ በኋላ ግን ዋጋው ይወርዳል። ያቺ ርካሽ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር በገናና በጥምቀት መካከል ናት። አርብ ከትምህርት በኋላ ተነሥተን ሰኞ ማታ እንመለሳለን፤ የሚቀረው አንድ የትምህርት ቀን ነው። አብይ ጾም ስላልገባም በአይብ የተለወሰውን የተራራ ፖሌንታ እያየን አንቃጠልም። የአንድ ቀን የአዋቂ ትኬት ወደ 50 ዩሮ ይጠጋል። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን የ400 ኪሎ ሜትር ትኬት ምን ያደርግላችኋል? ለጀማሪ ሜዳው ብቻ የሚሆን አነስተኛ ትኬት መኖሩን ጠይቁ። ስኪውንና ጫማውን ተከራዩ፤ ሱሪና ጓንት ከሰው ተዋሱ። የምታድኑትን ገንዘብ ለአሰልጣኝ አውሉት።

ማን ይሰበራል? ከእኛ ቤት እኔ ሳልሆን አልቀርም። በጣሊያን ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የሚንሸራተት ሰው ሌላውን ቢጎዳ የሚከፍል ኢንሹራንስ ሊኖረው ግዴታ ነው፤ ከትኬቱ ጋር አብሮ ይሸጣል። ሄልሜት ቀድሞ ለልጆች ብቻ ነበር፤ ከ2025/26 ወቅት ጀምሮ ለሁሉም ዕድሜ ግዴታ ሆኗል። መንገዶቹ በቀለም ይለያሉ፤ በጣሊያን ሰማያዊው ቀላል፣ ቀዩ መካከለኛ፣ ጥቁሩ ከባድ ነው። ፈረንሳይ ከሰማያዊ በታች አረንጓዴ ትጨምራለች፣ ለፍጹም ጀማሪ።

ያቺ አረንጓዴ ናት ጣጣውን ያመጣችው።

መጀመሪያ የመረጥኩት ክላቪዬሬን ነበር። 1,760 ሜትር ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ተዳፋቱ ለስላሳ ነው፣ በረዶውም ይቆያል። ትንሽ ሄድ ሲሉ ደግሞ ሞንጅኔቭር፣ ከነአረንጓዴ መንገዶቿ። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳስረዳ የባለቤቴ ወንድም ጣቱን በክላቪዬሬና በሞንጅኔቭር መካከል አኖረ።

"ጋሼ፣ በረዶው ላይ ድንበሩ የት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

"አታውቅም" አልኩት። የመንሸራተቻ ካርታ የሚሥለው ሊፍትና ቀለም ነው። ሊፍቱ የሚያነበው ትኬት ነው እንጂ ፓስፖርት አይደለም። አንድ ሰው እየሣቀ ከጣሊያን ተነሥቶ ፈረንሳይ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ለእኔ ያ ለልጅ ልጅ የሚወራ ጨዋታ ነው። ለእሱ ግን ጉዳዩ ሳይወሰን ከጣሊያን መውጣት ማለት ነው። ከተያዘ ይመለሳል፣ ማመልከቻውም ይወሳሰባል። ፈረንሳይ በኅዳር 2015 የድንበር ቁጥጥሯን መልሳ ከጀመረች ወዲህ እያደሰች ቀጥላለች።

ከዚያ ቀስ ብሎ "ያን ተራራ ጓደኞቼ በሌሊት ነው ያለፉት" አለ። አንደኛው አሁን ፈረንሳይ ነው፣ ሁለት የእግር ጣቶቹን ብርድ በልቶታል።

ይህ የአንድ ቤት ወሬ አይደለም። በተለይ ከ2017 ጀምሮ ከአፍጋኒስታን፣ ከኢራን፣ ከምዕራብ አፍሪካና ከእኛው ቀንድ የመጡ ሰዎች ከክላቪዬሬ ተነሥተው በጫካው ውስጥ ወደ ሞንጅኔቭር ሲሻገሩ ኖረዋል። ብዙዎቹ በጨለማ፣ አንዳንዶቹ በስኒከር። ቀን ሰው የሚንሸራተትበትን ሜዳ ሌሊት ሌላ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ከመካከላቸው የሞቱ አሉ። በግንቦት 2018 ከብሪያንሶን በታች በዱራንስ ወንዝ ውስጥ አስከሬኗ የተገኘው ናይጄሪያዊት ወጣት አንዷ ናት። የሚረዱም አሉ። ኡልክስ ጣቢያ አጠገብ "ፍራተርኒታ ማሲ" የተባለ መጠለያ አለ፤ ማዶ ብሪያንሶን ውስጥም የፈቃደኞች መጠለያ አለ። በሐምሌ 2018 የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ወንድማማችነት የሕገ መንግሥት መርሕ ነው፣ በአገር ውስጥ ያለን ስደተኛ ለሰብዓዊነት ብቻ የረዳ ሰው ሊቀጣ አይገባም ብሎ ወስኗል። ድንበር ማሻገር ግን አሁንም ወንጀል ነው።

ድንበሩ ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር መሆኑን እዚያው ታያላችሁ። ከክላቪዬሬ በላይ የቆመው 3,131 ሜትሩ የሻበርቶን ተራራ የጣሊያን ነበር። በ1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ለፈረንሳይ ሰጠው። ያው ውል ነው ጣሊያን የኢትዮጵያን ነፃነት እንድትቀበልና 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ያስገደዳት። ተራራው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ወረቀቱ ተለወጠ፣ ባለቤቱም ተለወጠ።

እንግዲህ "ሰው ምን ይላል?" ላይ ደረስን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስናነሣው ሁለት ወገን ሆነ። አንደኛው "አገር ቤት ሰው በችግር ላይ እያለ፣ ወንድሞቻችን በዚያው በረዶ እየሞቱ፣ በዚያ ተራራ ላይ መንሸራተት ነውር ነው" አለ። ሌላው "ሕይወት እንደሆነ አጭር ናት፣ ሂዱ፣ ተደሰቱ፣ ስለ ስደተኛው ለልጆቹ አታንሡባቸው" አለ።

ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያው ነውሩን ያለቦታው ያስቀምጠዋል። ደስታችንን ብንሰርዝ ማንም በሰላም አይሻገርም፤ ለእናቴ የምልከውም ከዚህ ገንዘብ የሚቀነስ አይደለም። የእኛ ልጆች እዚህ ተወልደው እዚህ የሚያድጉ ናቸው። ተራራው የጓደኞቻቸው ነው ካልን የእነሱም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጆቹን ማታለል ይሆናል። የሚወዱት አጎታቸው ለምን ከእነሱ ጋር አረንጓዴዋ መንገድ ላይ እንደማይወጣ ይጠይቃሉ። "ስኪ አይችልም" ብዬ ልዋሻቸው? ማንኛችንስ እንችላለን?

በዚህ ሸለቆ ላይ የእኛ ሰው ታሪክ ሞት ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ አለባቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈችው በየካቲት 2006 በቶሪኖ ነው። ሮቤል ተክለማርያም ብቻውን ባንዲራችንን ይዞ መጥቶ ከሴስትሪዬሬ ማዶ ባለችው ፕራጄላቶ የ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ነው። ያው በረዶ አንዱን በወረቀትና በባንዲራ ተቀበለው፣ ሌላውን በሌሊትና በስኒከር። ለ11 ዓመት ልጅ ይህን ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። ለትልልቆቹ ሳይከብድ አይቀርም።

ውሳኔያችን ይኸው። ክላቪዬሬ ቀረች። ሳውዜ ዱልክስ እናርፋለን፤ 1,509 ሜትር ላይ ናት፣ ከኡልክስ ጣቢያ በአውቶቡስ ቅርብ ናት፣ ከመንደሩ በላይ ስፖርቲኒያ በተባለው ገላጣ ቦታ የጀማሪ መማሪያ አላት። ከሁሉም በላይ ከድንበሩ ትርቃለች። የምንገዛው ትኬትም የጣሊያኑን ወገን ብቻ የሚያካትተው ነው፤ ሞንጅኔቭርን የሚጨምረው ሌላ ነው። አረንጓዴ መንገድ አጣን ማለት ነው። ምንም አይደለም፣ በሰማያዊው እንወድቃለን።

የባለቤቴ ወንድም እሺ ያለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ኡልክስ ጣቢያ ስንወርድ ወደ ሳውዜ የሚሄደው አውቶቡስም ወደ ክላቪዬሬ የሚሄደውም ከዚያው ከተማ ይነሣሉ። እሱ "ቀድመን መጠለያው ጋ እንቁም" አለ። የልጆቹ ያነሷቸው ጃኬቶችና ወፍራም ጫማዎች በአንድ ሻንጣ ታስረዋል፤ የሚፈልጉት ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ደውሎ ጠይቋል። ሻንጣውን የሚሸከመው ልጄ ነው፣ ራሱ ጠይቆ።

ለማቀድ ላሰባችሁ በአጭሩ፦

1. አልጋ ከመያዛችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት አንድ ላይ አኑሩና እዩ። ጣሊያን ጥገኝነት የሰጠችው ሰው ከጉዞ ሰነዱ ጋር ለአጭር ጊዜ ወደ ጎረቤት አገር መሄድ ይችላል። ገና ጥያቄው በመታየት ላይ ያለ ሰው አይችልም።

2. ካርታው ድንበሩን በግልጽ ካላሳየ በሌላ ካርታ ፈልጉት፣ አሰልጣኙንም ጠይቁ።

3. የጎርፍ በረዶ አደጋ በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይገለጻል። ከተከለለው መንገድ አትውጡ። የአደጋ ስልክ 112 ነው።

4. ወረቀት የሌለውን ዘመድ "አንተ ቤት ጠብቅ" አትበሉት። ዕቅዱን ለእሱ በሚመች ቦታ አድርጉት፤ እኛ እንዳየነው ብዙ አያስወጣም።

በዚያ ሸለቆ ወረቀት ያለን ሰዎች ያለን ትልቁ ዕድል ስኪው አይመስለኝም። የት እንደምናድር አስቀድመን መምረጥ መቻላችን ነው። ያን ምርጫ ስናደርግ አብሮን ያለውን እናስብ።

በገናና በጥምቀት መካከል በሳውዜ የሚወድቅ ረጅም አበሻ ካያችሁ እኔ ነኝ፤ አንሡኝ።

ቸር ሰንብቱ።