እናቴን ለደወል አደራ ሰጥቼ…

እኔ ሥራዬ ባሕር ዳር ነው። እናቴ ደግሞ ጣና ዳር፣ ደልጊ፣ ብቻዋን ትኖራለች። ድሮ ጀልባዋ ከባሕር ዳር ተነስታ በዘጌና በቁንዝላ አድርጋ፣ ደልጊን ነክታ ጎርጎራ በምትገባበት ጊዜ፣ ልጆች ሆነን ወደብ ወርደን እንግዳ እንቀበል ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን እኔው ራሴ እንግዳ ሆንኩ። ለበዓል እንኳ መቅረት ጀመርኩ።

ጸጸቱ ሲከነክነኝ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የሌባ ደወል ገዝቼ አስገጠምኩላት! በሩ ላይ ማግኔት፣ ግድግዳው ላይ ቁጥር መምቻ፣ ጓዳ ውስጥ መቆጣጠሪያ ሳጥን። ‹‹በይ እንግዲህ አርፈሽ ተኚ›› አልኳት።

አራት ዓመት ያህል ደህና ሠራ። ባለፈው ክረምት ዐመሉ ተለወጠ፤ ሌሊት ሌሊት ይጮህ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ጎረቤት ዱላ ይዞ ወጣ፤ ሌባ የለም። በሁለተኛውም ወጡ፤ ምንም የለም። ‹‹ልጄ፣ ይኼ ነገር ከሰው ሊያቀያይመኝ ነው። ቢጫ መብራትም አብርቷል›› ብላ ደወለችልኝ። ‹‹ኮዱን ምቺው፣ ዝም ይላል›› ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቷል። ደወሉ ትንሽ ጮኸ። እናቴ በጨለማ ልታጠፋው ስትጣደፍ ደፉ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ኡኡ አለች። ማን ይምጣ? ‹‹ያ ሳጥን ነው›› ብሎ ሁሉም ተኛ። ቁርጭምጭሚቷ ወልቆ መሬት ላይ አነጋች።

ሰምቼ በማግስቱ ከች አልኩ። መጀመሪያ ደወሉን በኮዱ ወደ መፈተሻ አስገባሁት፤ ያለዚያ ሳጥኑ ሲከፈት ራሱ ይጮሃል። ቀጥዬ 220 ቮልቱን ከብሬከሩ አጠፋሁ። ባትሪውን ፈትቼ በቴስተር ስለካው ከ11 ቮልት በታች ነው። ደህና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ገደማ ያሳያል። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ለካ ያቺ ቢጫ መብራት ‹‹ደከምኩ›› ማለቷ ኖሯል!

የሚያስጮኸው ግን በሩ ነበር። እንጨቱ በክረምቱ እርጥበት አብጦ በደንብ አይገጥምም። የጣና ነፋስ ገፋ ሲያደርገው ማግኔቱ ከመቃኑ ይርቃል፤ ሳጥኑም በር የተከፈተ ይመስለዋል። በርን በኤሌክትሪክ ሽቦ ከደወል ጋር ማያያዝ አውግስተስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1853 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የቆየ ዘዴ ነው። ነፋስንና ሌባን መለየት ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም።

አናጢ በሩን ላገልኝ፣ ማግኔቱን አቀረብኩት፣ አዲስ ባትሪ አስገብቼ ቀኑን ጻፍኩበት። ኮዱም ከፋብሪካ እንደመጣ 1234 ነበር፤ ቀየርኩት። በሩን አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ፤ በትክክል ሠራ።

ሳጥኑ በግማሽ ቀን ተጠገነ። ጎረቤትስ? ቡና አስፈልቼ ጠራኋቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። አንድ አዛውንት ‹‹ልጄ፣ እኛ እናትህን መች ጠላን? ሳጥንህ ነው ዋሽቶ ዋሽቶ ያደነቆረን›› አሉኝ። አፈርኩ።

አሁን ኮዱን አንዲት የምትታመን ጎረቤት ታውቃለች። እኔም በየወሩ እሄዳለሁ።

እናንተም እቤታችሁ ደወል ካለ ባትሪውን ዛሬውኑ እዩት፤ ኤሌክትሪክ የማታውቁ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። እናት ‹‹መብራቱ ቢጫ ሆነ›› ስትላችሁ ግን ስልኩን አትዝጉ።