አሥራ አራተኛው አንቀጽ

ውጫሌ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? አንቀጽ 17 እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ሐይቅ ስማር የታሪክ መምህራችን ያንን አንቀጽ ያስረዳን እጁን እያወናጨፈ ነበር። በአማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ይላላካሉ፤ በጣሊያንኛው ግን የግድ ነው። ከዚያ ክርክር፣ ከዚያ ዐድዋ። ደወል ተደወለ፣ ወጣን። ውሉ ሃያ አንቀጾች እንዳሉት ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከቀሩት አንዱን ልንገራችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል በ14ኛው አንቀጹ ስለ ባሪያ ንግድ ይናገራል። ንግዱ ከክርስትና ሃይማኖት ጋር ስለሚቃረን ንጉሡ በሙሉ ኃይላቸው ሊከለክሉት፣ ባሪያ የሚነዳ ሲራራ ነጋዴም በግዛታቸው እንዳያልፍ ሊያደርጉ ቃል ገብተውበታል። ይህ የሆነው እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ከሐይቅ በወልዲያ መንገድ ሚኒባስ ይዛችሁ በምትደርሱባት ከተማ ነው።

ያነበብኩት ለወጣቶች ኅብረታችን የፊልሞናን መልእክት ጥናት እንዳዘጋጅ ተመድቤ ሳለ ነው። ስለ ባርነት በአገራችን አንድ ገጽ መግቢያ ልጽፍ ብዬ መጻሕፍት ሳገላብጥ ነበር። እዚያ አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ጥናቱን ትቼ እታለምን አሰብኩ።

እታለም በአያቴ ቤት የኖረች ሴት ናት። ጤፍ ታበጥራለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ማታ የአያቴን እግር ታጥባለች። ቡና ስታፈላ አቦሉንና ቶናውን ለሌላው አዳርሳ እሷ የምትጠጣው በረካው ላይ ነው። የምትቀመጠው ከበሩ ጎን ነው። ክፉ ቃል ሲናገራት የሰማሁት ሰው የለም። «ቤተሰብ ናት» ይባል ነበር፤ አያቴም እንዲህ ሲሉ ከልባቸው ነበር።

አሁን እንኳ ስጽፍ አያቴን «እሳቸው»፣ እታለምን «እሷ» እያልኩ እንደሆነ አስተውላችኋል? በእኛ አገር ልጅ ታላቁን «አንቱ» ይላል። የጎረቤት እናቶችን፣ ጠላ ሻጭዋን ሳይቀር አንቱ ብለን ነው ያደግነው። ከአያቴ ጋር በዕድሜ የሚቀራረቡትን እታለምን ግን የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ «እታለም፣ ውኃ ስጪኝ» ነበር የምላቸው። ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

እታለም ሲሞቱ ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለጎናቸው ሰው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። የእታለም እናት በልጅነታቸው ከግቤ ማዶ የመጡ ናቸው፤ የገዟቸውም የአያቴ አባት ናቸው። ከዓመታት በኋላ፣ ያ ውል ፊቴ ተዘርግቶ፣ ዘመኑን ቆጠርኩ። የተገዙት ከውጫሌ ውል በኋላ ነው።

ክልከላውማ ሞልቶ ነበር። ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ለማስቆም ሞክረዋል። ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተለየ ውል ፈርመዋል። ከውጫሌ በኋላም በራስ ተፈሪ ዘመን የ1916ቱ ዐዋጅ ወጣ፤ የ1934ቱ ዐዋጅ እስኪመጣ ድረስ ግን ባርነት በሕግ አልተቋጨም። ችግሩ ነገሩ እንጀራ ሆኖ መቆየቱ ነው። ከግቤ ማዶ የሚነዱት ሰዎች ገሚሶቹ በጎጃም አድርገው ወደ መተማ፣ ገሚሶቹ በሸዋ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ታጁራ ይወርዱ ነበር። በዚያው በታጁራ መንገድ ደግሞ በአውሮፓ ፋብሪካ የተሠራ ጠመንጃ ሽቅብ ይመጣል። ጠመንጃ ላይ፣ የዝሆን ጥርስ ላይ፣ ሰው ላይ የቆመ ገበያ ነው፤ ቀረጡም ለገዢው ይገባል።

ነጮቹስ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1833 በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሚሽር ሕግ አወጣች፤ የማንቸስተር ፋብሪካዎቿ ግን ከዚያም በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል አሜሪካ ውስጥ ባሪያዎች የለቀሙትን ጥጥ ሲፈትሉ ኖሩ። ጣሊያንም በብራስልሱ የፀረ ባርነት ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክዬ ቆሜያለሁ አለች። 14ኛው አንቀጽ 17ኛውን በጀርባው አዝሎ ሄደ ማለት ነው። ቢሆንም ቃሉን እንደ ሐሰት አልቆጥረውም። እውነት ሆኖ የሚናገረው ስለ መንገድ ብቻ ነው። ሲራራው እንዳያልፍ ይላል። አልፎ ቤት ስለገባው፣ ከበሩ ጎን ስለተቀመጠው፣ አንድም ቃል የለውም።

የፊልሞና መልእክት ግን ስለ ቤት ነው። ፊልሞና ምእመናን በቤቱ የሚሰበሰቡበት ሰው ነው፤ ጳውሎስም የሸሸውን ባሪያ እንደ ወንድም፣ እንዲያውም እንደ ራሱ እንደ ጳውሎስ አድርጎ እንዲቀበለው ይለምነዋል። ደጋግሜ ሳነብ የያዘኝ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ጳውሎስ ራሱ አያቴ ቤት በእንግድነት ቢመጣ የት ይቀመጥ ነበር? በስንተኛው ቡና ይጠጣ ነበር?

የዚያን ባሪያ ስም የወሰደውን የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ኦነሲሞስ ነሲብ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። እምኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፣ ተጠመቀ። እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በኮንፈረንስ ይህን ስንሰማ እናጨበጭባለን። የሸጡትና የገዙት የማን ቅድመ አያቶች እንደነበሩ ግን ስንጠያየቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ አንድ ገዢ አውቃለሁ።

ጥናቱን መራሁ። ስለ ኦነሲሞስ ተናገርኩ፣ ብዙ አሜን ተባለ። ስለ እታለም አልተናገርኩም። ቤቴ ገብቼ መብራት ሳላበራ ብዙ ቆየሁ።

በበዓሉ ሐይቅ ስሄድ የእታለምን ልጅ ፈለግኋቸው። ከአባቴ ይበልጣሉ፤ ውኃው ዳር ዓሣ ይሸጣሉ። በልጅነቴ በስማቸው ብቻ ነበር የምጠራቸው፣ እንደ እኩያዬ። «እንደምን አደሩ?» አልኳቸው። ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ። ማንም አልነበረም።

ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ድንኳን ውስጥ የሰማሁትን ነገርኳቸው፤ ቤተሰቤ ስላደረገው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ፤ እኔም ምን እንደምጨምር ጠፋኝ። ከዚያ «ማን ነገረህ?» አሉ፤ መልሴን ግን አልጠበቁም። የአያታቸውን ስም ጠየቅኋቸው፤ ከመገዛታቸው በፊት እናታቸው ያወጡላቸውን። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ነገሩኝ። ኦሮምኛ ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሳቸው ነው።

ዓሣ ገዛሁ። ዋጋ ቀነሱልኝ። ሙሉውን ካልተቀበሉ አልሄድም ብዬ ድርቅ አልኩ፤ እሳቸውም ድርቅ አሉ። ዓሣው ፀሐይ ላይ እየዋለ ነው ብለው እስኪቆጡኝ ድረስ እዚያው ቆመን ተከራከርን።