የ«የለም» ደብተር

በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ቀን በልቡ ሱቅ ሳይከፍት አይቀርም። የደመወዙ ቀን ሲርቅበት፣ ማታ ጋደም ብሎ መደርደሪያውን ይሠራል፣ ዕቃውን ይደረድራል፣ ትርፉንም ይቈጥራል። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። ከሌላው የምለየው፣ ጠዋት ስነሣ ሕልሙን ሳልተወው ቀርቼ በገንዘቤ ስለ ከፈልሁበት ነው።

የማስተምረው በአንዲት የወረዳ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይቀናው ቀርቶ ከእኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲቈጥር ማየት ከበደኝ። ስለዚህ ዕቁብ ሲደርሰኝ 40 ሺህ ብሩን ይዤ፣ በትምህርት ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁና መጻሕፍት የምታከራይ ሱቅ ከፈትሁለት። በኮሌጅ ሳለሁ መጽሐፍ እንደ ልቤ ባለማግኘቴ ተቸግሬ ስለ ነበር፣ ተማሪ ሁሉ በዚያው የተቸገረ መሰለኝ።

ሳልጠይቅ ግን አልገባሁበትም። ተማሪዎቼን «እንዲህ ያለ ሱቅ ቢከፈት ትወዳላችሁን?» አልኋቸው። «በጣም እንወዳለን!» አሉ። ባልንጀሮቼ መምህራንም «ግሩም ሐሳብ ነው» ሲሉ አመሰገኑኝ። አንባቢዬ ልብ ይበሉ፤ ፈተናውን የሚያርመው መምህር ሲጠይቀው «አልወድም» የሚል ተማሪ ከየት ይገኛል? ባልንጀራስ ቢሆን ምስጋና ምን ያስወጣዋል?

ሁለት ወር አለፈ። መጻሕፍቱ አቧራ ለበሱ፤ የቤት ኪራዩ ግን ቀኑን አልረሳም። አንድ ማታ ወንድሜ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ‹የለም› ከማለት በቀር ሌላ ሥራ አልሠራሁም» አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። «የለም» ለማለት አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው መምጣት አለበት። ለካ ሱቃችን ሰው አጥታ አልነበረም፤ የመጣውን ሰው ስንመልስ ኖረናል! በማግሥቱ አንድ ደብተር ሰጠሁትና፣ «ከእንግዲህ ‹የለም› ባልህ ቍጥር ምን እንደ ተጠየቅህ፣ ማን እንደ ጠየቀህ፣ ከአንተ ሲያጣም ወዴት እንደ ሔደ ጻፍ» አልሁት።

ከአራት ሳምንት በኋላ ደብተሩን አብረን ገለጥነው። እስክሪብቶው፣ ሳሙናው፣ የሞባይል ካርዱ ብዙ ነበር፤ እነዚህን ግን ከጎናችን ያሉት ሱቆች ይሸጧቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ የሚደጋገም አንድ ሌላ ጥያቄ አገኘን። እርሱም የሚገዛ ዕቃ አልነበረም፤ «ልጄ ከክፍል እስኪወጣ ይህን ስንቅ ላስቀምጥብህ?» የሚል ነበር።

በከተማችን ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ወላጆቻቸው በገበያ ቀን ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን ተሸክመው ይመጣሉ። ልጁ ትምህርት ላይ ነው፤ የተከራየበት ቤት ተቈልፏል፤ ወላጅ ደግሞ ሸጦና ገዝቶ ሳይመሽ አገሩ መግባት አለበት። እናት ጆንያዋን ስትጠብቅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ትውላለች፤ ገበያውም ይበተንባታል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገባቸው ሳልፍ፣ ሰላምታ ከመስጠት በቀር አንድ ቀን እንኳ «ምን ቸገራችሁ?» አላልሁም።

ወንድሜ «አደራ ደግሞ በገንዘብ ይሆናልን?» ብሎ አፈረ። እኔም ተጠራጠርሁ። ለሙከራው ግን አዲስ ገንዘብ አላወጣንም። ካርቶን ቈራርጠን ቍጥር ጻፍንበት፤ አንዱን ከጆንያው ጋር አስረን፣ አምሳያውን ለባለቤቱ ሰጥተን፣ 10 ብር ጠየቅን። በመጀመሪያው ሐሙስ 7 ሰዎች፣ በሁለተኛው 19፣ በሦስተኛው 34 ከፈሉ። አንዲት እናት ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲሰጡ፣ «ልጄ፣ ያለፈው ሐሙስ ስጠብቅ ውዬ ዶሮዬን ሳልሸጥ ተመለስሁ» አሉ። ይህች አንዲት ቃል ከተማሪዎቼ ሁሉ «እንወዳለን» ትበልጥብኛለች። ተማሪዎቼ ወደ ፊት ያደርጉት የመሰላቸውን ነገሩኝ፤ እኒህ እናት ግን ትናንት የከሰሩትን ነገሩን።

በትልቁም ንግድ ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946፣ ጦርነቱ ባደቀቃት አገሩ ሰው ምግብ ፍለጋ በብስክሌት ሲንከራተት ያይ ነበር፤ የገዛ ሚስቱም እንዲሁ ትደክም ነበር። እርሱም ሠራዊቱ ለራዲዮ መገናኛ ይጠቀምባቸው የነበሩ 500 ያህል ትናንሽ ሞተሮች አግኝቶ በብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ለመጀመሪያው የነዳጅ መያዣ ያደረገው፣ በብርድ ጊዜ ሙቅ ውኃ ተሞልቶ መኝታ የሚሞቅበትን ዕቃ ነበር። የራሱን ሞተር ወደ መሥራት የገባው የተገዙት ሲያልቁ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ኩባንያም በ1948 ተቋቋመ። ገዢው ፋብሪካውን ቀደመው ማለት ነው። እኔ ግን መደርደሪያውን አስቀድሜ ገዢውን በኋላ መፈለግ ጀመርሁ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ከዕቁብዎ ገንዘብ በፊት ዐይንዎን ያውጡ። በሚማሩበት ግቢ፣ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚያጣ ይጻፉ። «ቢኖር ትገዛለህን?» ብለው አይጠይቁ፤ «ባለፈው ጊዜ ስታጣ ምን አደረግህ? ምን አወጣህ?» ይበሉ። ከዚያም ቤት ሳይከራዩ፣ በትንሹ፣ አንድ ሰው ከኪሱ እንዲከፍል ያድርጉ። ችግር ሁሉ ገበያ አይደለም፤ ሰው ሊገላገለው ገንዘብ የሚያወጣበት ችግር ግን ገበያ ነው።

40 ሺህ ብሬ ገና አልተመለሰም። ከመጻሕፍቱ አብዛኞቹን በኪሳራ ሸጥኋቸው፤ መደርደሪያቸው ዛሬ የጆንያ ማስቀመጫ ነው። ወንድሜ ግን የቤቱን ኪራይ ራሱ ይከፍላል፣ ራሱም ዕቁብ ገብቷል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። እኔ ከኮሌጅ ስወጣ የቀረኝ መጠምጠም ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚውሉት እናቶች የሚያስተምሩኝ ገና ነበረ።

ደብተሩም አልተዘጋም፤ ወንድሜ ዛሬም «የለም» ባለ ቍጥር ይጽፍበታል።