ለማዕድ ቤት የግድ የሚያስፈልገው ዕቃ የትኛው ነው?

ልጅ ጎጆ ስትወጣ አብሯት የሚወጣው ዕቃ ብዙ ነው። እናት የሰጠችው፣ አክስት የጨመረችው፣ ጎረቤትም «ይህ ሳይኖር ቤት ይባላልን?» ብላ ያመጣችው ሁሉ ተደማምሮ አንድ ክፍል ይሞላል። ከዚህ ሁሉ የትኛው በየቀኑ እጅ እንደሚነካው፣ የትኛውስ ለዓመት በዓል እንኳ ሳይነሣ አቧራ ለብሶ እንደሚከርም በሰርጉ ሰሞን የሚጠይቅ የለም። እኔም ጥያቄውን የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያስጠየቀኝም የጅቡቲ ከተማ ኑሮ ነው። የደረሰብኝን እንደ ሆነው መጻፌ ከአገር ርቀው አዲስ ጎጆ ለሚቀልሱ እኅቶቼ ይጠቅማል በማለት ነው።

ባለቤቴ በጅቡቲ ወደብ ለአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት በጸሐፊነት ይሠራል። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በዚሁ ወደብ የሚያልፍ በመሆኑ፣ እንደርሱ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን በከተማይቱ ጥቂቶች አይደሉም። በ2011 ዓ.ም. ልከተለው ስነሣ እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ዕቃ ስታስር ሰነበተች። የሸክላ ምጣድ ከነአክንባሎው፣ ሞሶብ፣ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ትልቅና ትንሽ ድስት፣ ጀበና፣ ማማሰያ፣ በርበሬና ሽሮም በየከረጢቱ ታሰረ። «እማዬ፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» ብላት፣ «ሰው አገር ሄደሽ ከሰው በር ቆመሽ ወንፊት ስትለምኚ እንድትውዪ ነውን?» ብላ ዝም አሰኘችኝ።

ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ፣ በአዳማና በድሬዳዋ አልፎ፣ በደወሌ ጠረፉን ተሻግሮ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል፤ መንገዱ 750 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ይህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ሲሆን፣ ከርሱ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው በአሮጌው ሐዲድ ስንቱ ቤተ ሰብ ዕቃውን አስሮ ወደዚህ ወርዷል። እኔም እንደ እነርሱ ወረድሁ። ቤት ደርሼ ጥቅልሉን ብፈታው፣ እናቴ በጎመን ዘር ያሟሸችው ምጣድ ከመካከሉ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ባለቤቴም «ምጣድ ነው እንጂ ሰው አልሞተብሽም» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

የተከራየነው ቤት በባልባላ ሠፈር በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱ ነው። ማዕድ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ሥፍራ ነው። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሐምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራ ያዘለ ነፋስ ሲነፍስማ ደጅ መቆም ያስቸግራል። እንዲህ ባለው ሥፍራ ከእናቴ ቤት የመጣው ዕቃ እንዳለ ሳለ፣ ሌላ ጨመርሁበት። የተሰበረው ምጣድ ቁጭት አድሮብኝ ነበርና የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የኤሌክትሪክ መፍጫ፣ እንዲሁም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዳቦ መጋገሪያ በዱቤ ገዛሁ። ሁሉን በቤቴ አዘጋጅቼ የማበላ ባለሙያ መባልን ፈልጌ እንደ ነበር ዛሬ አልሸሽግም።

ዕዳው በየወሩ ይከፈላል፤ የመብራቱ ሒሳብም ይመጣል። ጅቡቲ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኀይል መግዛት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሆኖም የመብራት ዋጋ በአዲስ አበባ ከለመድሁት እጅግ የላቀ ሆኖ አገኘሁት። ሊጡም ከዳኝ። በደጋ አገር ሦስት ቀን የሚቆየው ሊጥ በዚህ ሙቀት በሁለተኛው ቀን ጧት ኮምጥጦ ያድራል፤ እኔ ግን በእናቴ ቀን ቆጠራ እየሄድሁ ስንት ጊዜ ጤፉን ከነቡሃቃው ደፋሁት። በዚህ ሁሉ መካከል ለእናቴ በየወሩ የምልከው ገንዘብ እየሳሳ ሄደ። እርስዋ «ዕዳሽን ክፈዪ፤ እኔ ደኅና ነኝ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ በስልክ እውነቱን ነገረኝ፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን ካቋረጠች ወር አልፏታል።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴን ከመድኃኒቷ ያሳጣት ችግር ሳይሆን፣ ከግድግዳው ሥር የተደረደረው ያ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ነበር። ሲነጋ ከባለቤቴ ጋር ደብተር ይዘን ተቀመጥንና ዕቃውን ሁሉ አንድ ባንድ ጻፍነው። በየስሙም ፊት ለፊት ሦስት ጥያቄ አኖርን፤ ሥራው ምንድን ነው? ያንን ሥራ ሌላ ዕቃ ወይም እጄ ሊሠራው አይችልምን? ዕቃው ራሱስ ከመብራት፣ ከቦታና ከገንዘብ ምን ያህል ይበላል?

ዳቦ መጋገሪያው በመጀመሪያው ጥያቄ ወደቀ። በዚህች ከተማ ዳቦው በየመንደሩ አለ፤ ዓሣውንም የየመን ሰዎች ባስለመዱት ብልሃት ለሁለት ሰንጥቀው፣ ቅመም ቀብተው፣ በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ጠብሰው ከነትኩስ ቂጣው ያቀርቡታል። ከተማው ምድጃ ካለው፣ በጠባቡ ክፍሌ ሌላ እሳት ማንደዴ ስለ ምን ነበር? መፍጫውም በሁለተኛው ጥያቄ ወደቀ። በርበሬው ተፈጭቶ ከአገር ይመጣል፤ ለነጭ ሽንኩርትና ለኮረሪማ የእናቴ ሙቀጫ ይበቃል። የባሕሩ እርጥበት በርበሬውን እያጓጎለ ያስቸገረኝ ሲሆን፣ ለዚህም መድኃኒቱ ክዳናቸው ጥብቅ አድርጎ የሚገጥም ጥቂት ቆርቆሮዎች እንጂ መፍጫ አልነበረም። ሁለቱንም ሸጥሁና ከዕዳው ከፈልሁ።

የከበደኝ የምጣዱ ነገር ነው። እንጀራን ያለ ምጣድ ማን ይጋግረዋል? ነገር ግን ሒሳቡን አሰብነው። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ግድም ይስባል፤ እስኪግል ድረስ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም ገና አንድ እንጀራ ሳይነሣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። እኔ በየሁለት ቀኑ ስምንት ወይም አሥር እንጀራ ልጋግር ባሟቅሁት ቁጥር፣ በወር ውስጥ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆነው ለማጋል ብቻ ያልቅ ነበር። የሚጎዳን ምጣዱ ሳይሆን ለጥቂት እንጀራ ደጋግሞ ማጋሉ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

በግቢያችን ከደሴ የመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እመቤትና አንዲት የድሬዳዋ ልጅ ይኖራሉ። ወደ ትልቋ ሄጄ «እትዬ፣ ምጣዴን ለሦስታችን ብናደርገውስ?» አልኋቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «እኔስ አንቺ እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ነበር፤ ምጣድ ያላት ሴት ብቻዋን ስትጋግር ማየት ደግ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሦስታችን በየቡሃቃችን ያቦካነውን ይዘን እንሰበሰባለን። አንድ ጊዜ ያጋልነው ምጣድ ለሦስት ቤት ይጋግራል፤ ሒሳቡንም እንደ እንጀራው ቁጥር እንካፈላለን። ለማጋል በወር የሚደርሰኝ ድርሻ ከ13 ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ከጥቂት ወረደ። የደሴዋ እመቤት እርሾውን አሳንሼ፣ ሊጡን በአገሩ ሙቀት ልክ ቀን ቆጥሬ እንዳቦካ አስተማሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ የደፋሁት ሊጥ የለም።

ሶማሌዋ ጎረቤታችን ደግሞ በየጧቱ ላሆህ የምትጋግረው በአንዲት ትንሽ ብረት ምጣድና በአንዲት ጭልፋ ነው። እኛ ሊጡን ከዳር ጀምረን ወደ መካከል ስናዞር፣ እርስዋ ከመካከል አፍስሳ በጭልፋው ቂጥ ወደ ዳር ታዞረዋለች። ከሰሏም ትንሽ፣ ዕቃዋም ጥቂት ነው፤ ልጆችዋ ግን ጠግበው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ባለሙያነት በዕቃ ብዛት እንደማይለካ ከርስዋ ቤት አየሁ።

እነሆ፣ በደብተራችን መጨረሻ የቀረው ይህ ነው፤ ክዳን ያለው ቡሃቃ፣ ቂጡ ወፍራም የሆነ አንድ ድስት ከነክዳኑ፣ ስለቱ የማይዶለዱም ቢላዋ ከነመክተፊያው፣ ሙቀጫ፣ ወንፊት፣ ማማሰያና ጭልፋ፣ ቆርቆሮዎቹ፣ አንድ የከሰል ምድጃ። ጀበናውን ባለቤቴ በራሱ እጅ ጽፎ ጨመረው፤ እኔም አልተከራከርሁም። ሰፌዱና ምጣዱ የጋራ ሆኑ።

የቀረው ሞሶቡ ነበር። ለሁለት ሰው የሚሆን እንጀራ በትሪም ይቀርባል፤ ሞሶቡ ግን የክፍላችንን ሩብ ይዟል። ስለ እርሱ እናቴን መጠየቅ አፈርሁ፤ በመጨረሻ ግን ደፍሬ በስልክ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሞሶብ የተሰፋው እንጀራ ሊይዝ ነው፤ እንጀራ ወደሚበዛበት ቤት ይሂድ» አለችኝ። ዛሬ ሞሶቡ ሰፊ ክፍል ባላቸው በደሴዋ እመቤት ቤት ነው፤ በዓመት በዓል የሦስቱ ቤት ሰዎች በዙሪያው ተቀምጠን እንበላለን።

እኅቶቼ ሆይ፣ ጎጆ ስትወጡ ወይም ወደ ሰው አገር ስትሄዱ ዕቃ አትያዙ አልልም። ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር አየር፣ የክፍሉን ስፋት፣ የመብራቱን ዋጋ ጠይቁ፤ ቢቻል ጥቂት ወር በጥቂት ዕቃ አብስሉና የጎደላችሁን ያን ጊዜ ግዙ። በየቀኑ የሚሠራውን ዕቃ ደኅና አድርጋችሁ ለራሳችሁ ያዙ፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራውን ከጎረቤት ጋር ተጋሩ፤ ለስም የሚገዛውን ለባለ ሱቁ ተዉለት። እናቴ ወንፊት ከሰው በር ለምኜ እንዳልውል ፈርታ ነበር፤ እኔ ግን ጎረቤት መጠየቅን እንደ ውርደት በመቁጠሬ ከዚያ የባሰ ዕዳ ውስጥ ገብቼ ነበር።

ዕዳው በዘጠነኛው ወር አለቀ። ወንድሜ የወሩን መድኃኒት በገዛ ቁጥር የማሸጊያውን ፎቶግራፍ ይልክልኛል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ወር አልተቋረጠም።